ሙሽሮቹ በእግራቸው የገቡበት ደን

እናቴን በሞተር ሳይክል ገጭቶ የጣላት ሰው የመካነ ሰላም ከተማ ልጅ ነው፤ ዐረብ አገር ሠርቶ ተመልሶ ሞተሩን የገዛ።

ነገሩ የሆነው በቀበሌያችን ደን ውስጥ ነው። አባቶቻችን ከብት ከልክለው ያቆሙት ጽድና ወይራ ነው፤ በበዓል ሰሞን የከተማው ሰው እየመጣ ይንሸራሸርበታል። መንገዱ የእግር መንገድ ነው። እናቴ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሳ በዚያ ስትመለስ፣ እሱ ከጓደኞቹ ጋር በሞተር እየተሽቀዳደመ ከጠመዝማዛው ላይ ደረሰባት። ከወደቀች በኋላ ዞር ብሎ አይቷታል። አይቷት ሄደ። እኛ በቃሬዛ አወጣናት፤ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር።

ሽማግሌዎች ሲቀመጡ፣ ሰውዬው "ዳር አልያዙም እኮ" አለ። እናቴ፣ "ለእግዜር ብዬ ትቻለሁ" አለች። እኔ አልተውኩም። ዱላዋን ተደግፋ ከመደቧ እስከ ደጃፍ ስታዘግም በየቀኑ አያለሁ።

የደን ኮሚቴ ሲመረጥ ገባሁ። ሞተርና መኪና ከበሩ እንዳያልፍ፣ ድምፅ ማጉያ እንዳይገባ፣ እሳት እንዳይነድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ቀበሌው በሙሉ ተስማማ። እነሱ ለደኑ ብለው ነው። እኔ በሩ ላይ ድንጋይ ሳስደረድር የሚታየኝ የሱ ፊት ነበር።

ከዚያ ሰውዬው ሊያገባ ነው ተባለ። ሙሽሮች ሁሉ ፎቶ የሚነሱት እዚያ ደን ውስጥ ስለሆነ፣ የሰርጉን ቀን ሰምቼ የበር ጥበቃ ተራዬን ለወጥኩ።

አበባ የለበሱት መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ መጡ። እሱ ወረደ።

"እህቴ፣ ለዛሬ ብቻ። ፎቶ ተነስተን እንወጣለን።"

"በእግር ግቡ።"

"ሙሽራዋ በዚህ ቀሚስ?"

"እናቴም በእግሯ ነበር የምትሄደው።"

ከወግዲ የመጣችው ሙሽራ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ "እናትሽ ምን ሆነው ነው?" አለችኝ።

"ተያት፣ የቆየ ነገር ነው" አላት።

እኔ ግን ነገርኳት። ሚዜዎቹም እንዲሰሙ፣ ሳልቸኩል፣ ዞር ብሎ ማየቱን ሳላስቀር።

ወደ እሱ ዞረች። "አይተሃቸው ነው የሄድከው?"

ከዚያ ከመኪናው ወረደች። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ ብቻዋን ወደ ውስጥ ገባች። እሱ ከኋላ ተከተላት። ፎቶዎቹን በሰው ስልክ አየኋቸው፤ በአንዱም ላይ አልሳቀችም። ደስ አለኝ።

እናቴ ስትሰማ ተቆጣችኝ። "የሰው ሰርግ ይበላሻል? ልጅቷ ምን አደረገችሽ?"

ልጅቷ ግን ከመልሱ በኋላ ቤታችን መጣች። የእናቴን ጉልበት ሳመች። አሁን አንዳንድ እሑድ እየመጣች፣ ክንዷን ይዛ በዝግታ ደኑ ውስጥ ታንሸራሽራታለች። ባልየው እናቴ ደክሟት የምታርፍበትን በርጩማ ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል።

በቀደም እናቴ፣ "እስቲ እሱንም ማሪው፤ ተጸጽቷል እኮ" አለችኝ።

"ያለ ዱላ የሄድሽ ቀን" አልኳት።