ኮኩ ላይ የወጣችው እንግዳ

በከተማው መናፈሻ ሠላሳ ዓመት ዛፍ የከረከመችውን ሴት ባልደረቦቿ «ሐኪሟ» ይሏታል። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላት ዓይኗ ሰውዬውን አልፎ ከኋላው ያለውን ግንድ ይመረምራል። ልጇ ይህን አመሏን ስለምታውቅ፣ የእጮኛዋን ወላጆች ለመተዋወቅ የሄዱ ዕለት በራቸው ላይ አስቁማ አስጠነቀቀቻት።

«እማዬ፣ ዛሬ ዛፍ የሚባል አታዪም። ካሳፈርሽኝ አለቀልኝ!»

«ዓይኔን አስረሽ አስገቢኛ!»

ግቢው መሃል አንድ ኮክ ቆሟል። ትልቁ ቅርንጫፉ ደርቋል፤ ቅርፊቱ ሰርጉዶ ተሰነጣጥቋል፤ ከስንጥቁ ማር የመሰለ ሙጫ ይንጠባጠባል። ሐኪሟ ቀና ብላ ሰማዩን እያየች አለፈች። ሳሎን ገብታም ስኳር ያልጨመረችበትን ሻይ ታማስል ጀመር።

«ልጄ የተወለደ ዕለት የተከልኩት ኮክ ታመመብኝ» አሉ አባትየው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። «ነገ ከሥሩ አስቆርጠዋለሁ።»

«ነገ?»

ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። ምን ዋጋ አለው! እናቷ ወዲያው ግቢ ወጥታ በቤት ቁልፏ ቅርፊቱን ትፍቅ ነበር።

«እህቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አሉ ሹፌሩ ተከትለዋት።

«ይመልከቱ ጋሼ! ቡናማው ሞቷል፤ አረንጓዴው በሕይወት አለ። ቁስሉ ቅርንጫፉን ዙሪያውን ከቦ አደረቀው እንጂ ግንዱ ጋ አልደረሰም። መጋዝ አለዎት? ዝናብ ቢሆን ኖሮ በሽታው ስለሚዛመት አልነካውም ነበር። አልኮልም ይምጣልኝ፤ በቆረጥኩ ቁጥር መጋዙን እጠርግበታለሁ።»

አልኮል ከቤቱ ጠፋ። እጮኛው ሮጦ ሽቶውን ይዞ መጣ።

ሐኪሟ የክት ቀሚሷን ሰብስባ መሰላሉን ወጣች። ከቁስሉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ ቆረጠች። እንጨቱ መሃል ቡናማ ነጥብ ታየ።

«ገና ነው!»

መጋዙን በሽቶ ጠርጋ፣ ወደ ግንዱ ተጠግታ ደገመች። ግቢው በሽቶ ታጠነ። ልጅቷ የምትገባበት ጠፋት።

«ንጹሕ!» የሚል ጩኸት ከላይ ወረደ።

«የታለ? እስቲ ልይ!» ሹፌሩ መሰላሉን ጀመሩት።

«ኧረ ሰውዬ፣ ወገብህ!» አሉ ሚስታቸው።

ማን ሰምቶ! እንግዳይቱ አጠገብ ደርሰው ነጩን እንጨት በጣታቸው ዳሰሱ።

«አይቆረጥማ!»

«የወደቀውን ያቃጥሉት» አለች ሐኪሟ። «ቁስሉ እንዳይመለስ ግን በየወሩ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል።»

«ታዲያ እርስዎ አሉ አይደል? ዘመድ ሆነን የለ እንዴ!»

ልጅቷ እየሳቀች መሰላሉን ከሥር ያዘችላቸው።