ከታንከሩ አናት የቀዳሁት ናሙና

ባለፈው ሳምንት ከጂንካ ወደ ወይጦ ስወርድ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ አስፋልቱን ሳይ የሚኒባሱ ሾፌር «ማዘር፣ ምን ጠፋቦት?» አለኝ። ማዘር መባሉን ለምጄዋለሁ። «ስንጥቅ» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ያ መንገድ ሲሠራ የሃያ አራት ዓመት የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። መንገድም እንደ ሰው ይደክማል፤ ከባድ መኪና ሲመላለስበት ኖሮ አንድ ቀን እንደ አዞ ቆዳ ይሰነጣጠቃል። ድካሙን እንዲችል ሬንጁ ውስጥ ፖሊመር የሚባል ጎማ መሰል ነገር እንጨምር ነበር። ሬንጁን ስበን እንደ ክር እናቀጥነዋለን፣ መሃሉን እንቆርጠዋለን፤ ጫፎቹ ወደ ኋላ ከተሰበሰቡ ፈተናውን አለፈ ማለት ነው።

አንድ ቀን የአልዱባ ገበያ ነበር። ወደ ገበያ የሚወስደን የካምፑ ፒካፕ ሊነሳ ክላክስ ያደርጋል፣ እናቴ ማር አዛኛለች። ሬንጁ ታንከሩ ውስጥ ሳይማሰል ነው ያደረው፤ እስኪማሰል ብጠብቅ ገበያው ያመልጠኛል። ናሙናውን ከላይ ቀዳሁ፣ ክሩ ደህና አድርጎ ተሰበሰበ፣ «አልፏል» ብዬ ፈረምኩ።

አልዱባ ላይ አንዲት የበና ሴት ማር ልታቀምሰኝ እንጨቷን እስከ ቅሉ ቂጥ ሰደደችው።

«ከላዩ አይበቃም?» አልኳት።

«ላይ ሁሉም ጥሩ ነው። ከታች ቅመሺ።»

ታንከሩ ትዝ አለኝ። ፖሊመር ካልተማሰለ ወደ ላይ እንደሚንሳፈፍ ተምሬያለሁ፤ እኔ የፈተንኩት ምርጡን ብቻ ነው። ያ ሬንጅ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ሊነጠፍ ነው።

እንደተመለስን በቀጥታ ወደ ኃላፊያችን ሄድኩ። ቁጡ ሰው ነበሩ።

«ኢንጂነር፣ ናሙናውን ሳይማሰል ከላይ ነው የቀዳሁት።»

«ፈርመሻል እኮ።»

«ፈርሜያለሁ።»

«ከሥራ እንደምትባረሪ አላሰብሽም?»

«መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው።»

ከታንከሩ ታች አስቀዱ። ክሩ ተቆርጦ እንደተዘረጋ ቀረ። ንጣፉ እንዲቆም አዘዙ፤ በማግስቱ ሬንጁ ሲማሰል ዋለ። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ቀዳን፤ ሦስቱም ክሮች ተሰበሰቡ። የአሸዋ ክምር ላይ ተቀምጬ ሳልፈልግ ሳቅሁ፤ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ነው የቀለለኝ። ኢንጂነሩ እስክሪብቷቸውን አቀበሉኝና «አሁን ፈርሚ» አሉኝ።

ዛሬ ራሴ ላብራቶሪ አስተዳድራለሁ። ጥፋቱን ይዞ በሬን የሚያንኳኳ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ እናደዳለሁ፣ ሰው ነኝና። ግን አስቀምጬ አዳምጠዋለሁ። ያን ቀን ተባርሬ ቢሆን ኖሮ፣ ካምፑ ውስጥ የቀረው ሰው ሁሉ ዝም ማለትን ይማር ነበር።