ጨረቃዋ ሥር የቆመችው ሚስት

የሰፈሩ ሰው «ጨረቃው» ይለዋል እንጂ ሥራውስ ፎቶ አንሺነት ነው። ቀን ቀን ጠባብ ስቱዲዮው ውስጥ የመታወቂያ ፎቶ ያነሳል፤ የደንበኛውን አገጭ በሁለት ጣቱ ቀና ያደርጋል፣ ኮሌታ ያስተካክላል። የሰው ፊት ግን እጅ እጅ ብሎታል። ልቡ ያለው ጨረቃ ላይ ነው። ሙሉ በወጣች ማታ ሁሉ ካሜራውን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ሚስቱም ቴርሞሷን ይዛ ትከተለዋለች።

ፍቅር አይሎበት የሚወስዳት እንዳይመስላችሁ። ሰው ከጨረቃዋ ፊት ካልቆመ ትልቅነቷ አይታወቅም ባይ ነው። ስለዚህ ምስኪኗ ውሃው ዳር ሄዳ ትገተራለች፤ እሱ ከሩቅ በረጅሙ ሌንስ ያነጣጥራል። ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አትንቀሳቀሺ። ታዲያ ጨረቃዋ ነጭ ሆና እንዳትበላሽ ብርሃኑን ሲቀንስ፣ ሚስቲቱ ጥቁር ጥላ ሆና ትቀራለች። ቀረብ ብሎ አንዴ በፍላሽ ቢያነሳት ምን ነበረበት? አላደረገውም።

አንድ ማታ ብርዱ ሲያንዘፈዝፋት፣ ፊቴ ይታያል ወይ ብላ ጠየቀችው።

«አንቺ የቆምሽው ለልክ ነው» አላት፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ። «አንቺን ሌላ ቀን አነሳሻለሁ። የት ትሄጂብኛለሽ?»

ሳቀች። እኔ ብሆን ቴርሞሱን እወረውርበት ነበር።

ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን ሲባል ዕድሜ ሄደ። ከዚያ ሴትዮዋ ታመመች፤ ሳትቆይም ሞተች። ያኔ ካሜራ በየኪሱ አልነበረም። ልጃቸው ሬሳው አጠገብ የሚቀመጥ ፎቶ ስትጠይቀው ቁም ሳጥኑን ገለበጠው። የሚወጣው ሁሉ ጨረቃ፣ ሐይቅ፣ ጥቁር ጥላ። የሠርጋቸውን ፎቶ ቢያሳያት፣ ይህቺን ኮረዳ ማን ያውቃታል ብላ መለሰችለት። ፎቶ የሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ገብቶ ከጥላው ውስጥ ፊቷን ሊያወጣ ታገለ። ፊልሙ ላይ ያልገባ ከየት ይመጣል? ወረቀቱን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ልጅቷ ከእናቷ ቦርሳ መታወቂያውን አወጣች። ቀና ያለ አገጭ፣ ጥርት ያለ ፊት፣ ፈገግታ የቃጣው ከንፈር። ከኋላዋ ያለውን መጋረጃ ሲያይ ክው አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የተቀናቃኙ ስቱዲዮ መጋረጃ ነው።

«ስትነሳ አብሬያት ነበርኩ፣ አባዬ» አለች ልጅቷ። «አንተ ሐይቅ አድረህ ስቱዲዮው ውስጥ ተኝተህ ነበር። አትቀስቅሺው፣ ደክሞታል አለችኝ።»

ፎቶው እንዲተልቅ ኔጋቲቩ፣ ማለትም ዋናው ፊልም፣ ያስፈልግ ነበርና፣ ዕድሜ ልኩን ሲያማው የኖረውን የማዶውን ፎቶ አንሺ ሊለምን መንገዱን ተሻገረ። ሰውዬው ነፍስ ይማር ብሎ፣ ሣጥኑን ፈትሾ አገኘለትና ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው።

«ሚስትህ እኮ ፊቷ ለፎቶ ይመች ነበር» አለው። «መቼም አንተ ታውቀዋለህ።»