በስክሪኑ ጥግ የቆሙ እንግዶች

«ነፋስ ሆይ ቀስ በል፣ ሸራውን አትግፋ፣
ዓይኔ እስኪጠግብ ድረስ፣ ጀልባው ሳይጠፋ…»

ከዚህ በኋላ ያለውን ጎረቤቴ ናና ፕሪሚቲቫ አያስታውሱትም፤ ናና እኛ ዘንድ እማማ እንደ ማለት ነው። «እም… እም…» እያሉ በዜማው ብቻ ይጨርሱታል። እኛ የኩሪማኦ ሰዎች ከባሕር ዳር ስለምንኖር ነው መሰለኝ፣ ጀልባ የሌለበት ዘፈን የለንም። የዚህን ዘፈን መጨረሻ ግን እኔም ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

እያንጎራጎሩ ቲማቲማቸውን ሲኮተኩቱ ጆሯቸው ቤት ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ «ትን» ካለ የጭቃ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ይሮጣሉ። ኮምፒውተሩን የገዛላቸው አንድ ልጃቸው ዴልፊን ነው፤ ጭነት መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። ለዕረፍት መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመላቸውና፣ «እማ፣ ስደውል በዚች በታችኛው ጥግ ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። እሷን መንካት ብቻ ነው» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ምሳቸውን ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው ነበር የሚበሉት። እሱ በመርከቡ ምግብ ቤት፣ እሳቸው በቤታቸው፣ አንዱ የሌላውን ሳህን እያየ።

«ዛሬም የሽፈራው ቅጠል ነው፣ እማ?»

«አንተ ደግሞ ዛሬም የበረዶ ዶሮ ነው?»

አንድ ቀን መርከቡ በማዕበል ጠፋ። ኩባንያው «እየፈለግናቸው ነው» አለ፤ ቆይቶ እሱንም ማለት ተወ። እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው የሚወደው ምግብ በሳህን ይቀርብለታል፤ አታንግ እንለዋለን። ናና ለባላቸው ያቀርባሉ፣ ለእናታቸው ያቀርባሉ። ለዴልፊን አቅርቡለት የሚላቸው ሲመጣ ግን፣ «ምን ሆነና?» ይላሉ። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ተቀምጠው በልተው አያውቁም። ምድጃው አጠገብ ቆመው ከድስቱ ቀመስ ያደርጋሉ፤ «ሲደውል አብረን እንቀመጣለን» ነው መልሳቸው።

ጣጣውን ያመጣው ደግነታቸው ነው። ስለ ጠፉ መርከቦች ወሬ ፍለጋ በየድረ ገጹ ሲገቡ አንዲት ጥያቄ ትመጣለች፦ «መልእክት ልልክልዎ ይፈቅዳሉ?» በእኛ አገር ደጅ ላይ ቆሞ የተጣራን ሰው «ግባ፣ እንብላ» ሳይሉ መመለስ ነውር ነው። ናና «ፍቀድ» የሚለውን ተጫኑ። ለመጣው ሁሉ ተጫኑ። ያቺ የዴልፊን ጥግ በማይታወቁ ሰዎች ተጣበበች። አንዱ ስልክ አሸንፈዋል ይላል፣ ሌላው ኮምፒውተርዎ ታሟል ይላል። የሰፈሩ ሴቶች ለመቁጠሪያ ጸሎት በተሰበሰቡበት ቀን ደግሞ ልብስ የቸገራት አንዲት ቆንጆ ብቅ አለች።

«ናና፣ ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለች አንዷ።

«እንጃላት፤ በርዷት ይሆናል» አሉና ስክሪኑ ላይ ነጠላ ጨርቅ ጣሉባት።

ስንስቅ ዋልን። በማግስቱ ግን ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ።

«እነዚህ ሰዎች በሩን ሞልተውታል። ልጄ ቢመጣ በየት በኩል ያልፋል?»

ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነውን አርሴኒዮን ይዤላቸው መጣሁ። ያ ወፍራም ሰውዬ ላቡን እየጠረገ ወንበሩን ሞልቶ ተቀመጠ።

«ቫይረስ አይደለም እኮ፣ ናና። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስገቧቸው።»

«ደጄ ላይ ቆመው ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ሰው አይደሉማ።»

«በሰው አፍ ነው የጠየቁኝ።»

«እሺ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልዝጋቸው? ከዚያ ማንም ዝር አይልብዎትም።»

ናና እጁን ያዙት። «ልጄም ውስጡ አለ። አንድ በአንድ አስወጣልኝ፤ ስማቸውን እየጠራህ።»

«የቁማር ቤቱ» ብሎ ጀመረ አርሴኒዮ።

«ይቅርታ እንግዲህ፣ በደኅና ሂድ።»

«የውፍረት መቀነሻው መድኃኒት።»

ናና የአርሴኒዮን ሆድ አየት አደረጉ። «እሷ እንኳ ላንተ ብትቆይልህ።»

እንዲህ እያሉ ሁሉንም ሸኙ። በመጨረሻ ዴልፊን የሚደውልበት ብቻ ቀረ። አርሴኒዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄስ?» አለ።

«እሱ የቤት ልጅ ነው። ተወው።»

አርሴኒዮ ለሙከራ ከራሱ ስልክ ደወለላቸው። «ትን» አለ፤ ጥጉ ላይ የእሱ ላብ ያለበት ፊት ብቅ አለ። ናና ደንግጠው ተጠጉና አይተውት ተመለሱ።

«ያው ይሠራል» አለ አርሴኒዮ። ከዚያ ሊያጽናናቸው ፈልጎ፣ «አይጨነቁ፣ ናና። እነዚያ ድሮም አይጋርዱትም። እነሱ እያሉም ልጅዎ ቢደውል ይገባ ነበር» አለ።

«ሁልጊዜ ክፍት ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

ናና ራሳቸውን ነቀነቁ። ስንት ወራት ሲያስሮጣቸው የኖረ ኮምፒውተር ትንፍሽ አላለም፤ ከውጭ የባሕሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዜማውን ጀመሩ። «ጀልባው ሳይጠፋ» ላይ ሲደርሱ አቆሙ፤ ያን ቀን «እም» አላሉም።

ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። ሁለት ሳህን ይዘው ተመለሱ፤ ሩዝና የሽፈራው ቅጠል፣ ባንደኛው ላይ ለሁለት የተከፈለ የተቀቀለ እንቁላል። ባለ እንቁላሉን ስክሪኑ ፊት አስቀመጡ። አጠገቡ በትንሽ ብርጭቆ የሸንኮራ ጠጅ አኖሩ። አርሴኒዮ ከወንበሩ ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ና ብላ፣ ዴልፊን» አሉ ናና፣ አታንግ ሲያቀርቡ ባላቸውንና እናታቸውን በሚጠሩበት በዚያ ቀስ ባለ ድምፅ። «የበረዶ ዶሮ አይደለም።»

ጥቂት ጠበቁት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«ምን ትገተራላችሁ? ድስቱ ውስጥ አለ፣ አምጡና እንብላ።»

ወንበሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ተቀመጡና አንድ ጉርሻ አነሡ።