ከግቡ ፊት ያለው መሬት

አባቴን በከተማችን በስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም ኖራ ነው የሚለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የእግር ኳስ ቡድናችንን ሜዳ ያሰመረው እሱ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ጫፍና ጫፍ ችካል ይተክላል፤ ሲባጎ ይወጥራል፤ ከዚያ በተበሳሳ ጣሳ ኖራውን እየነሰነሰ ሲባጎውን ይከተላል። ቤት ሲመለስ ጫማው፣ ቅንድቡ፣ ጆሮው ሳይቀር ነጭ ነው። እናቴ “ደሞ ዛሬ የየትኛው ወፍጮ ቤት ሙሽራ ሆነህ መጣህ?” ትለዋለች። እሱም በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይስቃል።

ቡድኑን የመሠረቱት የጡብ ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ፋብሪካው ሲዘጋ ባዶ ግቢው ቀረ፤ ሥራ የፈቱት ወጣቶች ስብርባሪውን ጠርገው ሜዳ አደረጉት። ዛሬ የቡድኑ ሊቀ መንበር የሆነው ልብስ ሰፊ የመጀመሪያዎቹን ማሊያዎች ከመጋረጃ ጨርቅ ሰፋ። አባቴ መጫወቱ አልሆነለትም፤ ኖራውን ያዘ።

የከተማው ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። በግቢው የግንብ አጥር በኩል ካለው ግብ ፊት የፋብሪካው የውሃ ጉድጓድ ነበረ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የሚሞላበት አፈር ስላልተገኘ፣ አባቴና ልብስ ሰፊው አፉ ላይ ግንድ ረበረቡበት፤ ቆርቆሮ ደረቡ፤ አፈር አልብሰው ረገጡት። “ከጨዋታው በኋላ እንሞላዋለን” ተባባሉ። ጨዋታውን አሸነፉ። ከዚያ ሁሉ ጭፈራ በኋላ የጉድጓዱን ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ ዝናቡ ካባራ በኋላ አባቴ ሲባጎውን ሲወጥር፣ በዚያው ግብ ፊት ባለችው የትንሿ ሳጥን መስመር ላይ በሲባጎውና በመሬቱ መሃል ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አየ። አፈር አምጥቶ ደለደለው። በሳምንቱ አራት ጣት ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት መዳፉ ቆሞ ገባ። በተረከዙ መታ ቢያደርገው፣ ድምፁ ከታች ቆይቶ መለሰለት። ያን ቀን እናቴ ብትቀልድበትም አልሳቀም።

ልብስ ሰፊው ሱቅ አብሬው ሄድኩ። ሰውዬው ለመጨረሻው ጨዋታ ማሊያዎች ላይ ቁጥር እየሰፋ ነበር። ያንን ካሸነፍን ወደ ላይኛው ምድብ ማለፋችን ነው።

“ወዳጄ፣ ግንዱ በስብሷል” አለ አባቴ።

“አንተና እኔስ መች ቀረን?” ሰውዬው እግሩን ከስፌት መኪናው ፔዳል አላነሳም።

“አትቀልድ። በረኛው እዚያ ላይ ነው የሚቆመው።”

“በረኛው ልጅህ አይደል? እንኳን ግንድ የሸረሪት ድር ይሸከመዋል። ትንሽ አብሉት እስቲ!” አለና በዓይኑ ጠቀሰኝ። ከዚያ መኪናው ቆመ። “ስማ፤ ሜዳው አይሆንም ካልን በፎርፌ ተሸነፍን። ሠላሳ አንድ ዓመት የቻለ ዘጠና ደቂቃ ያቅተዋል? ደግሞስ ማን ሸፈነው ሲሉህ ምን ልትል ነው?”

 መኪናው እንደገና መንጫጫት ጀመረ።

ቤት ውስጥ ለወንድሜ ነገረው። ወንድሜ ጓንቱን እያጠበ ነበር። “አባዬ፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ቆሜያለሁ። በኔ ምክንያት ጨዋታው ቀረ ካስባልከኝ፣ ከዚህ በኋላ አባት የለኝም።”

የጨዋታው ቀን ግንቡ ላይ ሳይቀር ሰው ተሰቀለ። አባቴ ሜዳውን ሁሉ አስምሮ ያቺ ሳጥን ብቻ ቀረች። ዳኛው መጥተው “አባት፣ ይቺን ምነው ረሷት?” አሉት።

“አልረሳኋትም። እዚህ ሥር ጉድጓድ አለ። የሸፈንነው እኔና ሊቀ መንበሩ ነን።”

 ወንድሜ ግቡ ውስጥ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

“ጃጅቷል፣ አትስሙት!” ጮኸ ልብስ ሰፊው። “ለልጁ ፈርቶ ነው!”

“ኖራው ጭንቅላቱ ገብቷል!” አለ አንዱ ከግንቡ ላይ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም። በእግራቸው ጫፍ መታ አደረጉና ጆሯቸውን ሰጡ። እንደገና መቱ። ከዚያ በቀስታ፣ እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው፣ ከሳጥኗ ወጥተው ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አወለቁ። ጨዋታው ለተጋጣሚ ተሰጠ።

ቡድኑ በዚያው ፈረሰ። ማዘጋጃ ቤቱ “ይጣራል” ብሎ ወረቀት ላከ፤ የመጣ ሰው ግን የለም። ልብስ ሰፊው ጉድጓድ የሚባል አላውቅም ብሎ ካደ፤ ከተማውም እሱን አመነ። ወንድሜ ከእኛው ጋር እየበላ፣ እየተኛ፣ ለአባቴ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሦስት ወር ሞላው። ሜዳውን የሰፈር ጎረምሶች ያዙት። አባቴ ቦታውን በእሾህ ቢያጥረው፣ በማግስቱ ነቅለው ጣሉት።

ስለዚህ ወንበር ይዞ መሄድ ጀመረ። በየቀኑ፣ ኳስ እስኪበቃቸው ድረስ፣ ከግቡ ፊት ይቀመጣል።

“ጋሼ ኖራ፣ ተነሱልና! ተከላካይ ሆኑብን እኮ!”

“በወዲያኛው ግብ ተጫወቱ።”

“ቢጫ ካርድ ስጧቸው!” ይላል ሌላው።

ይስቁበታል፤ ግን በወዲያኛው ግብ ይጫወታሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ሊበላ ባለመምጣቱ ልጠራው ሄድኩ። ፀሐዩ ከአናት ነበር። ከሩቅ አቀማመጡ ልክ አልመስል አለኝ፤ ወደ ፊት አዘንብሏል። ቀረብ ስል የወንበሩ ሁለት የፊት እግሮች እስከ ግማሻቸው መሬት ውስጥ ገብተዋል። ሁለቱ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ ጣቶቹም አይነቃነቁም።

“አባዬ?”

“እዚያው ቁሚ የኔ ልጅ።” ድምፁ ማታ ማታ ደህና እደሪ እንደሚለኝ ዓይነት ነበር። “ወንድምሽን ጥሪልኝ። ገመድ ይዞ ይምጣ።”

“እሺ ባይለኝስ?”

“ሂጂ።”

ሮጥኩ። ከኋላዬ የጎረምሶቹ ጩኸትና የኳሱ ድምፅ ይከተለኝ ነበር። የሜዳው በር ጋ ስደርስ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጸጥ አሉ።