በቦሌ የእሳት በሮችን ስመረምር

ከአስመራ በወጣሁበት ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እናቴ የቤቱን መስኮት ሁሉ ዘጋችና የቆለፍኩትን ሻንጣ እንደገና ከፈተችው። የባለቤቴን የተስፋይን ካፖርት አጣጥፋ ከላይ አስቀመጠች። «አዲስ አበባ ዝናብ ነው ይላሉ» አለች። አወጣሁት፤ መለሰችው። ተስፋይን ከሥራ ቦታው ከወሰዱት ወዲህ ያንን ካፖርት የነካው ሰው አልነበረም። ስለ ካፖርቱ ተጨቃጨቅን እንጂ ስለ እሱ አንድ ቃል አላወጣንም። ሰዓት እላፊው ሲደርስ መብራት አጥፍተን ተኛን፤ ተኛን ማለቴ ጋደም አልን። በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ልሸኝሽ ብላ መጣች፤ ኬላው ላይ ግን አላሳለፏትም። ዞር ብዬ ሳያት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው እዚህ ተወልደው ትግርኛ ማንበብ ለማይችሉት ልጆቻችን ብዬ ነው፤ እዚያ የቀራችሁት የሚያነብላችሁ አታጡም። ያኔ በደርግ ጊዜ አገሩ አንድ ነው ይባል ስለነበር ስደት ነው ብል ማንም አይቀበለኝም። ወረቀቴ ላይ የተጻፈው «የሥራ ዝውውር» ነው። እኔና ተስፋይ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምንሠራው፤ እሱ መካኒክ፣ እኔ የሥራ ደህንነት ክፍል። ከወሰዱት በኋላ የት ነው ብለው የጠየቁ ሰዎች ራሳቸው ሲጠየቁ አየሁ። ዝውውር ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝ።

ከአየር ላይ ቦሌ ሰፊ መንገድና ቪላ ብቻ ትመስላለች። እኔ የደረሰኝ ቦሌ ሚካኤል ነው፤ ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ዝናቡ የእኛ ዓይነት ጥሎ የሚሄድ አይደለም፤ ከገባ ተቀምጦ ይውላል። አስመራ ሲመሽ ለባብሰን ለፓሰጃታ፣ ለምሽት ሽርሽር፣ የምንወጣበት ሰዓት እዚህ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ወይ ወደ ቀበሌ ስብሰባ የሚጣደፍበት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዳቦ ልገዛ ሱቅ ገብቼ እንደ አስመራ «ባኒ ስጠኝ» አልኩት ባለሱቁን። «ባኒ አልቋል» አለኝ፣ ዳቦው ከጀርባው ተደርድሮ። ባኒ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ግን ያኔ የተጠየቀው ሁሉ አልቆ ስለነበር መልሱ አፉ ላይ ነበር።

ክፍል ያከራዩኝ ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ የመንዝ ሰው ናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው።

«ኪራይ የሚባል ቃል እንዳይወጣሽ» አሉኝ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ። «የመንግሥት ቤት ማከራየት ያሳስራል። ለቀበሌ የእህቴ ልጅ ነሽ።»

«እህትዎ የት ነው የሚኖሩት?»

«እህት የለኝም።»

ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ እኔንም እሳቸውንም አየ።

«ወይዘሮ ዘነበች የመንዝ ሰው ናቸው። እህታቸውን አስመራ ምን ወሰዳት?»

«ትዳር» አልኩ።

«አንቺስ ባል አለሽ?»

«ነበረኝ።»

«ሞቷል?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም» አለና «ያላገባች» ብሎ ጻፈልኝ። ስንወጣ ወይዘሮ ዘነበች እጄን ያዙኝ፤ ቤት እስክንደርስ አልለቀቁኝም።

የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት መንግሥት የወረሳቸውን ሆቴሎችና ፋብሪካዎች የእሳት በር ይመረምራል። አለቃዬ አቶ ሙሉጌታ ነበሩ፤ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሰው። የእሳት በር ማለት እሳትና ጭስ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳያልፍ፣ ሰውም እስኪወጣ እንዲይዝ የተሠራ ከባድ በር ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ተዘግቶ መቆየት አለበት፣ ከውስጥ ለሚወጣ ሰው ግን በፍጹም መቆለፍ የለበትም። እኛ ማጠፊያውን እናያለን፤ በሩን ገፍተን ስንለቀው ራሱ ተመልሶ ይገጥም እንደሆነ፣ ከሥሩ ጭስ የሚያሳልፍ ክፍተት እንዳለው እናያለን። የአትላስ አካባቢ ሆቴሎች በእሳት በራቸው ላይ የቢራ ሣጥን ይደረድሩ ነበር። አቶ ሙሉጌታ ካፖርታቸውን አውልቀው ሣጥኑን ራሳቸው ያነሱታል፤ ሥራ አስኪያጁ አፍሮ እስኪያግዛቸው ድረስ።

ከቦሌ ሚካኤል ወደ ምሥራቅ፣ የጤፍ እርሻው ከሚጀምርበት አጠገብ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። የወታደር ልብስ ይሰፋበታል። ምድር ቤቱ የስፌት አዳራሽ፣ ፎቁ የጨርቅ መጋዘን ነው። የአዳራሹ የኋላ የእሳት በር ወደ አንድ ደረጃ ቤት ይከፈታል፤ የስፌት ሠራተኞቹም በዚያ በኩል ወደ ግቢው ይወጣሉ፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለ ሰውም በዚያው ይወርዳል። ስንደርስ በሩ በሰንሰለት ታስሯል።

አየለች የምትባል ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችኝ። «እህቴ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ሽንት ቤት እንኳ በፈቃድ ነው የምንሄደው። እሳቱም ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ ጠይቂልን።»

የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ካሳሁን ወጣት ነው፤ ጨርቅ እየተሰረቀ ስለሆነ ሰንሰለቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ አለን።

«እሳት ቢነሳ ሠራተኛው በየት ይወጣል?» አሉት አቶ ሙሉጌታ።

«እዚህ የተኛ ሠራተኛ የለም። ሁሉም ነቅቶ ነው የሚሠራው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ከየት ነሽ?»

አነጋገሬን ሰምቶታል፤ መጠየቁ ለወጉ ነው። «ከአስመራ» አልኩት።

«እዚያ ነው በር ክፈቱ የሚባለው?»

«ክፈቱ አላልንም። ተዘግቶ ይቆይ፣ ግን አይቆለፍ ነው ያልነው።»

ሳቀ። ያን ጊዜ አቶ ሙሉጌታ ወደ ጣሪያው አመለከቱ። «ከላይ ያለው ጨርቅ የጦሩ ነው። ቢቃጠል የበላይ አካል ፊት የሚቆመው ማነው? እኔ አይደለሁም።»

ጓድ ካሳሁን ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ከዚያ የብረት መጋዝ አስመጣ፣ ሰንሰለቱ ተቆረጠ። ለሰዎቹ ብለን የለመንነውን ለጨርቁ ሲል አደረገው። ቢሮ ተመልሰን ሪፖርቱን በእጄ ስጽፍ አቶ ሙሉጌታ ብዕሩን ተቀበሉኝ።

«አንቺ አትፈርሚ» አሉኝ። «ስምሽ ካለበት በሩን ትተው ስምሽን ነው የሚያነቡት።»

ልናረጋግጥ ስንመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደረጃ ቤቱ ውስጥ ዘበኛ ተቀምጧል፤ የሚወጣውን ሰው እንዲያይ በሩን በጨርቅ ጥቅል አስደግፎታል። ጥቅሉን አነሳን። ዘበኛው እጁን አጣምሮ «ጓድ ካሳሁን ነው ያዘዘኝ» አለ። ጓድ ካሳሁን ቢሮ ገብተን፣ በሩ እንደዚህ ከተከፈተ ጭሱ በደረጃው ሽቅብ ወደ መጋዘኑ እንደሚወጣ አቶ ሙሉጌታ እንደ ልጅ አስረዱት።

«ክፈቱ አላችሁ፣ ከፈትን። አሁን ዝጉ ትላላችሁ። መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ» አለ ጓድ ካሳሁን፣ ስልኩንም አነሳ።

እሳቱ የተነሳው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ነው። ስንደርስ ልብስ ሰፊዎቹ ሴቶች ግቢው ውስጥ ዝናብ ላይ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፤ በኋላው በር ሁሉም ወጥተዋል። አየለች ፊቷ ጥላሸት ለብሶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ የመጋዘኑን ሠራተኛ ግርማን ሲያወጡት አየሁ። ዘበኛው ሲሮጥ፣ መልሶ ያስደገፈው ጥቅል በሩ ሥር ቀርቷል፤ በሩ አልተዘጋም፣ ጭሱ ደረጃውን ሞልቶታል። ግርማን ያገኙት ታፍኖ ሞቶ፣ ደረጃው መሐል ተቀምጦ ነው። እሳት አልነካውም፤ ሸሚዙ እንኳ ነጭ ነበር።

በሳምንቱ ወደ ፋብሪካው ስብሰባ ተጠራን። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ተባለ። ጓድ ካሳሁን ቆሞ ጠየቀ፦

«ተዘግቶ የነበረው በር እንዲከፈት ያዘዘው ማነው?»

ከወንበሬ ስነሳ አቶ ሙሉጌታ ክንዴን ተጭነው አስቀመጡኝና እሳቸው ቆሙ። «እኔ ነኝ። ፊርማው የእኔ ብቻ ነው» አሉ። ስለ ጨርቁ ጥቅል ሊናገሩ ሲጀምሩ በቃ ተባሉ። አየለች ከኋላ ተነስታ «ሰንሰለቱ ቢኖር እኛ ዛሬ እዚህ አንቀመጥም ነበር» አለች። አቶ ሙሉጌታን በመኪና ወሰዷቸው።

ከዚያ ወዲህ ከባለቤታቸው ጋር ስንቅ ይዤ ወደ እስር ቤቱ እመላለስ ጀመር። ወይዘሮ ዘነበች ሳይጠየቁ ሽሮውን ያዘጋጁልናል። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ በሩ ላይ ያለው ወታደር ሳህኑን መለሰልን። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» አለ። ባለቤታቸው ሌላ ቦታ አዛውረዋቸው ነው አለችኝ፣ ደጋግማ። እኔ የወታደሩን ቃል ከአስመራ አውቀዋለሁ። «ይሆናል» አልኳት፤ ሳህኑን ተቀብያት አብረን ተመለስን።

ሥራዬን አልተውኩም። ሌላ የማውቀው የለኝም፤ በሮቹም አሉ። ዛሬም አዳራሽ ስገባ መጀመሪያ የማየው የኋላውን በር ነው፤ ሠርግ ቤት እንኳ ብገባ።

በዚያው የመስቀል ሰሞን ስልክ ቤት ሄጄ ተራ ያዝኩ። ግማሽ ቀን ከተቀመጥኩ በኋላ ስሜ ተጠራ። እናቴ ጎረቤት ስልክ ጋ ተጠርታ መጥታ እያለከለከች ነው። በትግርኛ ጀመርኩ፤ ስለ አቶ ሙሉጌታ ልነግራት ነበር። አንድ የወንድ ድምፅ መሐላችን ገባ።

«በሚገባን ቋንቋ ተነጋገሩ፤ አለዚያ መስመሩ ይቋረጣል።»

እናቴ አማርኛ አታውቅም። መስመሩ ተዘጋ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ የወታደሮቹን ሰላምታ ስትሰማ የያዘቻትን አንዲት ቃል አገኘች።

«ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ፣ እማዬ። አንቺስ?»

«ደህና ነሽ?» አለች እንደገና። ስለ ተስፋይ እየጠየቀችኝ ይሁን፣ ስለ ራሷ እየነገረችኝ ይሁን፣ ናፈቅሽኝ ማለቷ ይሁን ከድምፅዋ ልለይ ሞከርኩ። «ደህና ነኝ» አልኳት። «ደህና ነሽ?» አለች። ሰውዬው ሰዓቱ አልቋል እስኪለን ድረስ ያንኑ ስንባባል ቆየን።