የአህያዋ መግዣ

ልጄ ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የመጣች ሰሞን ሻንጣዎቿን ስንፈታ፣ የዋጋ ወረቀታቸው ያልተነሳ ቀሚሶችና ካርቶናቸው ያልተከፈተ ጫማዎች ወጡ። «እማዬ፣ ለምን እንደገዛኋቸው እኔም አላውቅም። ድካሙ ሲብስብኝ ወጥቼ እገዛለሁ» አለችኝና አለቀሰች። እኔ ግን አውቃለሁ።

በደርግ ጊዜ «እታበባ» እያልኩ ከምጠራት ከታላቅ እህቴ ከዘነበች ጋር ከቡልጋ መጥተን የካ ተራራ ሥር አንዲት ክፍል ተጠግተን እንኖር ነበር። ሥራችን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ ወርዶ መሸጥ ነው። ቁርሳችን ጭብጥ ቆሎ፣ መንገዳችን በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ደን ጠባቂውም ገዢዋም የሚጠሩን በሸክማችን ነበር፤ «አንቺ ቅጠል! ነይ እስቲ!»

ሸክሜን ባራገፍኩ ቁጥር እጄ አርፎ አይቀመጥም። ሻሽ፣ ማበጠሪያ፣ የማልጠጣበት ብርጭቆ ገዝቼ አልጋ ሥር እወሽቃለሁ። ወገቧን የሚያማት ዘነበች ግን ሐሳቧ አንድ ነበር፤ አህያ። «አህያ ከገዛን ጀርባችን ያርፋል» ትላለች። ሁለት ዓመት ቋጥራ ቋጥራ ሞላላት። ገበያ የምንሄድበት ቅዳሜ ትኩሳት ይዟት መነሳት ቢያቅታት፣ መቀነቷን ፈትታ ገንዘቡን ለእኔ ሰጠችኝ።

አህያ የሚመርጥልን ጎረቤታችን እስኪመጣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆምኩ። ባለሱቁ ብድግ አለና «ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?» አለኝ። እመቤቴ! ባለ አበባ ፔርሙስ አስወረድኩ። ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ትሪ። እመቤቴ ባለኝ ቁጥር ሌላ አስወርዳለሁ። ጎረቤታችን ሲደርስ የቀረኝ ገንዘብ የአህያ ጆሮም አይገዛም ነበር።

ቤት ስገባ ዘነበች ከተኛችበት ቀና ብላ ከኋላዬ ፈለገች።

«አህያዋስ?»

«እታበባ፣ ይቅር በይኝ…»

ፔርሙሱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «ያምራል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ትኩሳቱ ሲለቃት እንደ ድሯችን በጀርባችን ለመሸከም ወጣን። ነሐሴ ላይ፣ ጭቃማው ቁልቁለት ላይ ከነሸክሟ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብላ ሄዳ አታውቅም።

ዛሬም ራጉኤልን ልንሳለም ስንወጣ ክንዷን ደግፌ ነው። አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ለንስሐ አባቴም ተናዝዣለሁ። አንድ ነገር ግን ለእሳቸውም አልነገርኩም፤ ያ ሰው «እመቤቴ» ሲለኝ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።